የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ክብደት መቀነስና ስብ መቀነስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ውፍረትን ስለ መቀነስ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ «ካሎሪ» ስንል በምግብ ማሸጊያዎች ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውን መለኪያ ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቁመቴ 1.62 ሜትር ሲሆን ክብደቴ 78 ኪሎ ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር ያለበትን ነገር ሁሉ እርግፍ አድርጌ ተውኩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 3 ኪሎ ተኩል ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ሳምንታት ግን የቀነስኩት 1 ኪሎ ተኩል ነው። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ጨምሬ እገኛለሁ። ሰውነቴ እምቢ አለኝ ማለት ነው? ምግቡን ከዚህም በላይ ልቀንስ?

መልስ፦ ሰውነትዎ እምቢ አላለም፤ ምግቡንም ከዚህ በላይ አይቀንሱ። ግራ ያጋባዎት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰውነታችን ከምንመገበው ስታርችና ስኳር የተወሰነውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ መጠኑ በአንድ ጎልማሳ ሰው ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦና ሩዝ በድንገት ሲቀሩ ይህ ክምችት በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይሟጠጣል፤ የያዘውም ውኃ በሽንት ይወጣል። በዚያ ላይ የኢንሱሊን መጠን ዝቅ ሲል ኩላሊት ጨውንና ውኃን አብዝቶ ያስወግዳል፣ አንጀት ውስጥ የሚቆየው ምግብም ያንሳል። እነዚህ ተደማምረው ሚዛኑን በሁለትና በሦስት ኪሎ ቢያወርዱት አያስገርምም፤ ከወረደው ውስጥ ስብ የሆነው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው።

በስሌት ቢያዩት ይበልጥ ግልጽ ይሆንልዎታል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ካሎሪ ይዟል። በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ተኩል ስብ ለማቃጠል በየቀኑ ከሚያወጡት ጉልበት በ3,850 ካሎሪ ያነሰ መመገብ ይኖርብዎታል፤ ይህ ደግሞ እርስዎን የሚያክል ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያወጣው ጉልበት ስለሚበልጥ ምንም ሳይበሉ ቢውሉና ቢያድሩ እንኳ የማይሆን ነው። በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት የቀነሱት 1 ኪሎ ተኩል ግን በቀን የ400 ካሎሪ ያህል ጉድለት ጠብቀው መቆየትዎን ያሳያል። እኔ የማደንቀው የመጀመሪያውን ሳምንት ሳይሆን እነዚህን አራት ሳምንታት ነው።

የጠዋቱ ሚዛን የሚዋዥቀው ስብዎ በአንድ ሌሊት ተመልሶ አይደለም። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጠንከር ያለ ስፖርት ከሠሩ በኋላ ጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ፣ እያንዳንዳቸው ሚዛኑን አንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ስለዚህ በየቀኑ መመዘኑን ከወደዱት የሰባቱን ቀን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያነጻጽሩ፤ የአንዱን ቀን ቁጥር ከአንዱ ጋር ማነጻጸር ግን ትርፉ መናደድ ነው። ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙ ይነግርዎታል። ቆመው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ላይ ሜትሩን በባዶ ቆዳ ዙሪያ ያሳልፉ፤ ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳይስቡ እንደ ልማድዎ ተንፍሰው ሲጨርሱ ቁጥሩን ያንብቡ። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛዎች የሴቶች ወገብ ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ የወንዶች ደግሞ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ በሽታ የመጋለጥ ዕድል እንደሚጨምር፣ 88 እና 102 ሲደርስ ደግሞ በእጅጉ ከፍ እንደሚል ያመለክታሉ። ወገብ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ የሚለው ቀላል መለኪያም ለእርስዎ 81 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ዳቦና ሩዝን በተመለከተ ለዘለዓለም ከማዕድዎ ማስወጣት ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ በ609 ጎልማሶች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት ቅባት የቀነሱትንና ስታርች የቀነሱትን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በአማካይ 5.3 እና 6 ኪሎ መቀነሳቸውን አግኝቷል፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረው ነበር። እርስዎም ሳይማረሩ ለዓመታት ሊቆዩበት የሚችሉትን አመጋገብ ይምረጡ። ዳቦውን በመጠኑ ሲመልሱ ሚዛኑ በጥቂት ቀናት አንድ ኪሎ ያህል ቢጨምር የወጣው ውኃ መመለሱ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁት፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ነገር የሚተወው እዚህ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። እጄና እግሬ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ብቻ አለኝ። በየቀኑ 200 ሲት አፕ እሠራለሁ፤ ሆዴንም በፕላስቲክ ጠቅልዬ ስሮጥ ላቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ስቡ ላብ ሆኖ እየወጣ ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ይተዉት። ላብ ውኃና ጨው ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ የሚመለስ ክብደት ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን መንገድ ዘግቶ መሮጥ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ከመጠን በላይ እንዲያሻቅብ ስለሚያደርግ ሰው ራሱን እስከ መሳትና ከዚያም ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል።

የሆድ ጡንቻ ሲሠራ ከላዩ የተደረበውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው በመላው አካል ያሉ የስብ ሕዋሳት ያከማቹትን ወደ ደም ይለቃሉ፤ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚጎድል የሚወስኑት ዘር፣ ጾታና ሆርሞን ናቸው። ስለዚህ ሲት አፕ ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ስቡን አያነሳም። የተቃጠለው ስብ የት እንደሚሄድ ከጠየቁ፣ አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ስሌት 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ፣ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውኃ ሆኖ በሽንት፣ በላብና በትንፋሽ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ይቀነሳል ማለት አይደለም፤ ስቡ አስቀድሞ መቃጠል አለበት፣ ለዚያም ከሚያወጡት ጉልበት ያነሰ መመገብ ያስፈልጋል።

እጅና እግር ቀጭን ሆኖ ሆድ ብቻ የሚገፋበት ሁኔታ ግን የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጣት ቆንጥጠን የምንይዘው ስብ ከቆዳ ሥር ያለው ሲሆን፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው የውስጥ ስብ ለጤና የበለጠ አደገኛ ነው። ደግነቱ አመጋገብ ሲስተካከልና እንቅስቃሴ ሲጨምር ይህ የውስጥ ስብ ቶሎ ከሚቀንሱት ወገን ነው። ከ200ው ሲት አፕ ይልቅ ትላልቅ ጡንቻዎችን የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን ይሥሩ፤ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎንም አንድ ጊዜ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 45፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ላለፉት ሦስት ወራት ሳላቋርጥ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት በፍጥነት እራመዳለሁ። አመጋገቤ ጤናማ ነው፤ የምበላው በቤት የተሠራ ምግብ ነው፤ ጣፋጭም አላዘወትርም። ሆኖም የቀነስኩት 1 ኪሎ ብቻ ነው። የሚሻለው ምግብ መቀነስ ነው ወይስ ስፖርቱን ማክበድ?

መልስ፦ ክብደትን ለመቀነስ ምግብ፣ የተቀነሰውን ለመጠበቅና ጡንቻን ለማዳን ደግሞ ስፖርት ይበልጣል። እርስዎን የሚያክል ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲራመድ፣ ተቀምጦ ቢውል ከሚያወጣው በላይ የሚያቃጥለው ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ነው። ከመንገድ ሲመለሱ የሚጠጡት አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 140 ካሎሪ ያህል ይይዛል። እግር በአንድ ሰዓት የደከመበትን አፍ በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል፤ ሰውም ስፖርት በሠራበት ቀን ሳያውቀው ጨመር አድርጎ ይበላል፣ ቀሪውንም ሰዓት አብዝቶ ይቀመጣል።

«ጤናማ ምግብ ነው የምበላው» የሚሉት እውነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ጤናማ ምግብ ግን ጉልበት የለውም ማለት አይደለም። ከሁሉ በፊት ወደ ማብሰያው ተጠግተው ዘይቱን እንዲመለከቱ እለምንዎታለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ምክንያቱም ከአንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲገኝ ከአንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች የሚገኘው 4 ብቻ ነው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስት ሲንቆረቆር ሦስት ማንኪያ የመሰለን ስድስት ሊሆን ይችላል፤ ሽንኩርቱ ዘይቱን ስለሚጠጣው በሳህን ላይ አይታይም። በማንኪያ ሰፍሮ መጨመር ብቻ፣ ወጡ ሳይለወጥ፣ ማንም ሳይራብ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ100 እስከ 200 ካሎሪ ሊያስቀር ይችላል። ቀጥሎ ያለው በየሻዩ የሚጨመረው ስኳር፣ እጅ በዘረጋን ቁጥር የምንዘግነው ኦቾሎኒ፣ ልጆች ያስተረፉትን «እንዳይደፋ» ብሎ መጨረስ ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ወደ አፍዎ የገባውን ሁሉ፣ የተቀመሰውንም ጭምር፣ እንደበሉት ወዲያው በማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ማታ ላይ አስታውሶ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ሰው የበላውን አሳንሶ እንደሚያስታውስ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

በፋብሪካ ተዘጋጅተው የታሸጉ ምግቦችን ቢቀንሱም ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባደረጉት ጥናት 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ተደርጎ ነበር፤ የቀረቡት ምግቦች በስኳር፣ በቅባትና በአሰር መጠን ተመጣጣኝ ቢሆኑም ሰዎቹ የፋብሪካውን በበሉበት ጊዜ በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በልተዋል። በሳህንዎ ላይ ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ያለ ፕሮቲን፣ የቀረውን ሩብ ዳቦ ወይም ሩዝ ቢያደርጉት ቁጥር ሳይቆጥሩም ብዙ መንገድ ይሄዳሉ።

ወደ ስፖርቱ ልመለስ፤ እርምጃዎን እንዳያቆሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት ይመክራል፤ እርስዎ የመጀመሪያውን አሟልተዋል፣ የቀረዎት ሁለተኛው ነው። በምግብ ብቻ የሚቀንስ ሰው ከሚያጣው ክብደት ሩብ ያህሉ ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነ አካል ሊሆን ይችላል። ጡንቻ ሲቀንስ ጉልበት ይደክማል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል፣ ሰውነት ሳይንቀሳቀስ የሚያቃጥለውም ያንሳል። ጂም መሄድ የግድ አይደለም። ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው፣ እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይቀመጡና ይነሡ፤ ሲወርዱ በቀስታ ሦስት እስኪቆጥሩ ይውረዱ፣ መቀመጫዎ ወንበሩን ሲነካ ሳይዘፈዘፉ ወዲያው ይነሡ፣ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ። አሥሩ ሲቀልልዎት በእጅዎ ክብደት ይያዙ። ከዚህ ጋር ፑሽ አፕ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተደግፎ መጀመር፣ ከዚያ ወደ መሬት መውረድ ይቻላል። መለኪያው ከወር ወር ትንሽ እየከበደ መሄዱ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀልል ነገር ጡንቻን አያቆይም።

ጡንቻው እንዲቆይ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ክብደት እየቀነሰ ስፖርት ለሚሠራ ሰው ሊደርስበት ካሰበው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ጥሩ ግብ ነው። ለግምት ያህል አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ይሰጣሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን መጠን ያለ ሐኪም ምክር አይከተል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ «ወፈርኩ» ብላ ቁርስና ምሳ ትተዋለች። እኔ ሳያት ግን ወፍራም አይደለችም። እንዴት ልርዳት?

መልስ፦ እናት ሆነው ይህን ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንት እየጠነከረ፣ አእምሮና ሰውነት እየበሰለ ስለሆነ ለጎልማሶች የጻፍኩት ምንም ዓይነት የካሎሪ ቅነሳ እርሷን አይመለከትም። በሰውነቷ ላይ አስተያየት መስጠትን፣ መልካሙንም ቢሆን፣ ሁላችሁም አቁሙ፤ በፊቷ ስለ ራስዎ ውፍረትም አያማርሩ። አብራችሁ ተመገቡ፣ በገበታ ላይ ግን «ብዪ» እያሉ አይጫኗት። ክብደቷ እየወረደ ከሄደ፣ የወር አበባዋ ከተቋረጠ፣ ራሷን ካዞራት፣ ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት የምትቆይ ከሆነ ወይም ስፖርትን እንደ ቅጣት ከያዘችው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ይህ የምግብ ሳይሆን የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ከተደረሰበትም ይታከማል።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ስሆን ከአራት ዓመት ወዲህ የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሁለት ዓይነት ክኒን እወስዳለሁ። ክብደቴን ብቀንስ ስኳሩ ሊተወኝ እንደሚችል ሰማሁና እራት መተው ጀመርኩ። ትናንት ሌሊት ላብ አጥምቆኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነቃሁ።

መልስ፦ እባክዎ ይህን እንዳነበቡ ለሐኪምዎ ይደውሉ። የገለጹት የደም ስኳር ከመጠን በላይ የመውረድ ምልክት ይመስላል። ኢንሱሊንና ሰልፎኒል ዩሪያ የሚባሉት ክኒኖች፣ ለምሳሌ ግሊቤንክላሚድ፣ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም የደም ስኳርን ስለሚያወርዱ ምግብ ሲቀነስ መጠናቸው አብሮ መስተካከል አለበት። ክኒኑን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ምልክቱ ከተመለሰ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት፣ ሲሻልዎትም ምግብ ይብሉ። ቤተሰብዎም ራስዎን ቢስቱ ምንም ነገር ወደ አፍዎ ሳይጨምሩ አስቸኳይ ሕክምና እንዲጠሩ ይንገሯቸው።

የሰሙት ነገር ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎችን በሐኪም ክትትል በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ለወራት ሰጥቶ፣ ከዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመሙ መለኪያ በታች ሆኖ አግኝቷቸዋል። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት እዚህ ደርሰዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው በሐኪም ውሳኔ በመጀመሪያው ቀን እንደተቋረጠ ልብ ይበሉ፤ እርስዎም ሐኪምዎን «ክብደት ልቀንስ ነው፤ መድኃኒቴን እንዴት እናስተካክል?» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በጣም ጥብቅ በሆነ ዳየት 12 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ አሁን 14 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሲደርስብኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ጽናት የሌለኝ ሰው መሆኔን እያመንኩ ነው።

መልስ፦ ይህን እምነት እንዲተዉት አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ፤ የደረሰብዎት ነገር ከጠባይ ይልቅ በሰውነት አሠራር የሚገለጽ ነው። የስብ ሕዋሳት ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ይህ ሆርሞን ለአንጎል የክምችቱን መጠን ይነግራል። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ ረሃብ ይበረታል፣ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ በጥቂት ወራት እጅግ ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ካሎሪ ያነሰ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀንሶባቸው ነበር፤ ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ያስቡ፣ ይቆጡ፣ ይተክዙ ጀመር፤ ሲለቀቁም ብዙዎቹ ሊጠግቡ አልቻሉም። እነዚህ ሰዎች በበጎ ፈቃድ የመጡና የጸኑ ነበሩ።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሱ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል፤ በፍጥነት የሚቀንስ ሰው ጡንቻ ከማጣቱም በላይ ለሐሞት ጠጠር ይጋለጣል። የመጀመሪያ ግብዎን አሁን ካለዎት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ያድርጉት፤ ይህች መጠን እንኳ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በግልጽ ታሻሽላለች። እዚያ ሲደርሱ ለመቀነስ አይቸኩሉ፤ ለሁለትና ለሦስት ወራት ባሉበት መቆየትን ይለማመዱ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። በአሜሪካ ብዙ ኪሎ ቀንሰው ለዓመታት የጠበቁ ሰዎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ አብዛኞቹ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱና ራሳቸውን አዘውትረው እንደሚመዝኑ ተገልጿል። እርስዎም ከያዙት ክብደት ላይ 2 ኪሎ ሲጨምር ወደ ማስታወሻ ደብተሩ የሚመለሱበትን ወሰን አስቀድመው ይወስኑ።

እንቅልፍዎንም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ተመሳሳይ የተቀነሰ ምግብ የበሉ ሰዎች በአልጋ ላይ 8 ሰዓት ተኩል ሲያሳልፉ ከቀነሱት ስብ ይልቅ 5 ሰዓት ተኩል ሲያሳልፉ የቀነሱት በግማሽ ያህል አንሷል፤ ልዩነቱን የሸፈነው የጡንቻና የሌላ አካል መቀነስ ነበር። ለመጀመሪያው ወር ምንም ምግብ ሳይቀንሱ እንቅልፍዎን ብቻ ያስተካክሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከላይ የጻፍኩትን የወንበር እንቅስቃሴ ይሥሩ፣ የሚበሉትንም ይጻፉ። ቅነሳውን በሁለተኛው ወር በ300 ካሎሪ ይጀምሩ። ረሃቡ ከአቅም በላይ ከሆነ ወይም ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ መብላት ከመጣ ሐኪም ያማክሩ፤ ዛሬ ረሃብን የሚያስታግሡ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ሲቆሙ ክብደቱ የመመለስ ዝንባሌ ስላለው ግን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰዱ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።